የድሬስደን የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፤ ስለ ጥቁሩና ስለ ነጩ ድንጋይ

በጀርመን አገር በሳክሰን ግዛት፥ በድሬስደን ከተማ የሚገኘው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን (በአገሩ ቋንቋ ፍራወንኪርሸ ይባላል) ሁለት ጊዜ የታነጸ ሥራ ነውና ሁለት ጊዜ ሊመረመር ይገባዋል። ወለጋ፥ የሄርማንስቡርግ ሚሲዮን በ1928 በአይራ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፥ ከጀርመን ሉተራውያን ጋራ የቆየ ዝምድና አላት፤ ስለዚህ የእነርሱን ታላቅ ሕንፃ መመርመር ለነቀምቴና ለአካባቢዋ ከተሞች አንባቢ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የመጀመሪያውን ሕንፃ የነደፈው ጊዮርግ ቤር የተባለ የከተማው የአናጢዎች አለቃ ነበር። ሥራው በ1726 ተጀምሮ በ1743 ተፈጸመ፤ ቤር ግን በ1738 ስለ ሞተ ፍጻሜውን አላየም። ዘመኑ ባሮክ የሚባለው የአሠራር ስልት የነገሠበት ነበር። የዚህም ስልት ጠባይ መስመርን ማጠማዘዝ፥ ብርሃንን ከላይ ማውረድ፥ ሥዕልንና ቅርጽን ከግንቡ ጋራ አስማምቶ የተመልካችን ልብ ወደ ላይ መሳብ ነው። ብዙ ጊዜም ጌጡ ከቁም ነገሩ ይበልጣል ተብሎ ይነቀፋል። ቤር ከዚህ ነቀፋ የዳነ ይመስለናል፤ የሕንፃውን ቅርጽ ያወጣው ከአገልግሎቱ ነውና። ሉተራውያን ቃሉን በጆሮ መስማትን እጅግ ስለሚያከብሩ፥ ሕዝቡን በመካከል አስቀምጦ፥ ሰገነትን በሰገነት ላይ ደራርቦ፥ ሁሉም መስበኪያውንና መንበሩን እንዲያይ አደረገ።

የአገራችንን ክብ ቤተ ክርስቲያን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማነጻጸር ትምህርት ይሰጠዋል። በእኛ ዘንድ መቅደሱ በመካከል ተሰውሮ ይቆማል፤ ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ ይከቡታል፤ ክበቡ ምሥጢርን ይጠብቃል። በድሬስደን ግን ክበቡ ድምፅን ይሰበስባል፤ በመካከሉም ያለው ጉባኤው ነው። አንዱ ቅርጽ ለሁለት አሳብ አገለገለ፤ ሁለቱም እውነተኞች ናቸው።

በስምንት ምሰሶዎች ላይ የተደፋው የድንጋይ ጉልላት ክብደቱ 12,000 ቶን ያህል ነበር። በ1760 የፕሩሲያ ጦር በመድፍ ሲደበድበው አልተበገረም። ጀርመን ራሷ ባስነሣችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን፥ በ1945 ከፌብሩዋሪ 13 ቀን ሌሊት ጀምሮ የእንግሊዝና የአሜሪካ አይሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ አቃጠሏት፤ ብዙ ሺሕ ሰውም አለቀ። የአሸዋ ድንጋይ ምሰሶዎቹ በእሳቱ ግለው ስለ ተሰነጣጠቁ፥ በ15ኛው ቀን ጧት ጉልላቱ ወደ ውስጥ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ፍርስራሹ ከአርባ ዓመት በላይ እንደ ክምር መቃብር ቆየ፤ በ1982ም ወጣቶች ሻማ ይዘው ስለ ሰላም ተሰበሰቡበት።

ሁለተኛው ሕንፃ በ1994 ተጀመረና በ2005 ኦክቶበር 30 ቀን ተቀደሰ። አስቀድሞ በአገሩ ክርክር ነበር፤ ፍርስራሹ ለመታሰቢያ እንዳለ ይቆይ የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ክርክራቸው ከንቱ አልነበረም፤ እንደ ቀድሞው አስመስሎ መሥራት ኀጢአትን በኖራ መሸፈን ሊሆን ይችላልና። ሠሪዎቹ ግን መካከለኛውን መንገድ አገኙ፤ ይኸውም ከፍርስራሹ ያወጡትን ድንጋይ መዝግበው፥ ለክተው፥ ፎቶግራፍም አንሥተው፥ የቀናውን ወደ ቀድሞ ስፍራው መለሱት። ስለዚህ ጥቁሩ አሮጌ ድንጋይ በነጩ አዲስ ድንጋይ መካከል እንደ ጠባሳ ይታያል። ከጉልላቱ በላይ የቆመውን አዲሱን መስቀል የሠራው አባቱ ከተማይቱን ከደበደቡት አውሮፕላን ነጂዎች አንዱ የነበረ እንግሊዛዊ አንጥረኛ ነው፤ የተጣመመው አሮጌው መስቀልም ከፍርስራሹ ተቆፍሮ ወጥቶ በውስጥ ቆሟል። ስለ ዕርቅ ብዙ ስብከት ተጽፏል፤ እነዚህን ሁለት መስቀሎች የሚያህል ግን ጥቂት ነው።

በውስጠኛው ክፍል ላይ ግን ነቀፋ አለን። ግድግዳውና ምሰሶው በፈዛዛ ቢጫ፥ በሮዝና በአረንጓዴ ቀለም አምሮ ተቀብቷል፤ በጉልላቱ ውስጥ አራቱ ወንጌላውያን ከአራቱ ምግባራት ጋራ እንደ ገና ተሥለዋል። ሁሉ የቤርን ዘመን የተከተለ ነው፤ ሆኖም እጅግ ጣፋጭ ስለ ሆነ የገባው ሰው በደጅ ያየውን ጠባሳ ሊረሳ ይችላል። ከዚህ የሚያድነው መንበሩ ብቻ ነው። መንበሩ ከሁለት ሺሕ ያህል ስብርባሪ ተገጣጥሞ የቆመ ሲሆን፥ የተቀረጸበትም ጌታ በደብረ ዘይት ሲጸልይ ነው። ስለ መከራ የሚናገረው ሥራ ራሱ መከራ ተቀብሎ ተነሣ።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ የዚያ አገር አሸዋ ድንጋይ በውስጡ ብረት ስላለበት በዘመን ብዛት በራሱ ይጠቁራል። እንግዲህ አዲሱም አንድ ቀን እንደ አሮጌው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጠባሳውን ዓይን አይለየውም፤ የሚናገረው የተጻፈው መዝገብና የአባቶች አፍ ብቻ ይሆናል።

ይህ ለእኛም የቀረበ ነገር ነው። በከተሞቻችን ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በሲሚንቶ ሲተካ ደስ ይለናል፤ ደስታውም የተገባ ነው። ኦርቶዶክሳዊው ታቦቱ እስካለ ድረስ፥ ወንጌላዊውም ቃሉና ጉባኤው እስካሉ ድረስ፥ ቤተ ክርስቲያናችን አልጠፋችም ይላሉ፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ነገር ግን ይህ መልካም እምነት አሮጌውን በር፥ አሮጌውን ደወል፥ አሮጌውንም ምሰሶ ለማገዶና ለጥራጊ ለመስጠት ምክንያት ሊሆን አይገባውም። አዲስ ሕንፃ የሚያንጽ ደብርም ሆነ ማኅበር ከአሮጌው አንድ ድንጋይ ወይም አንድ እንጨት በሚታይ ስፍራ ያኑር፤ ማን እንደ ሠራው፥ መቼና ለምን እንደ ፈረሰም ይጻፍ። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከማፍረስ በፊት የአንድ ቀን ትዕግሥት ነው።