ዐዋቂውና የምክር ወንበር፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሌላ ዐይን ሲታይ

የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስለ መጽሐፉ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ሐተታ የሚያተኵረው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ፍቅር፣ ወይም በመኳንንቱና በባላገሩ ግንኙነት ላይ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ መጽሐፉን በሌላ ጥያቄ ልንመረምረው አስበናል፤ ይኸውም ዕውቀት ያለው ሰው ነገር ወደሚቈረጥበት ሸንጎ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? የሚል ነው። ጥያቄው ሳይንስ የምንማረውን ሁሉ ስለሚነካ ከልብ ወለዱ ተነሥተን ወደ ዘመናችን እንመጣለን።

ታሪኩ የሚጀምረው በዛብህ በተወለደባት በማንኩሳ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል በምትገኘው በዚች አገርና በመላው ጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደረጃው የታወቀ ነበር። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እየተባለ በየወንበሩ መምህር አለ፤ አኰፋዳውን ይዞ ከደብር ወደ ደብር የሚዞረው ተማሪም ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ነገር ግን መንገዱ የሚያደርሰው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነው። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት በገባ ጊዜ የጌታውን ልጅ ከማስተማር በቀር የተዘጋጀለት ስፍራ አልነበረም።

ለጥያቄያችን ከበዛብህ ይልቅ የሚጠቅመን ሕዝቡ ጉዱ ካሣ የሚለው ካሣ ዳምጤ ነው። ይህ ሰው የተማረ ነው፤ ለፊታውራሪውም ቤት ቅርብ ነው። የአገሩ ሥርዓት የት ላይ እንደ ላላና ወዴት እንደሚያዘነብል ያያል፤ ያየውንም ሳይፈራ ይናገራል። ሰሚው ግን እብድ ነው ብሎ ያልፈዋል። ፊታውራሪው በባላገሩ ላይ ተጨማሪ ግብር ጥለው፣ እምቢ ያለውን ሊቀጡ ዘምተው፣ በአበጀ በለው እጅ እስኪወድቁ ድረስ ያ ሁሉ ንግግር ሰሚ ያጣ ጩኸት ሆኖ ቀርቷል።

ብዙ ሐያስያን ጉዱ ካሣን የደራሲው አንደበት አድርገው ያዩታል። አስተያየታቸው ስሕተት ባይሆንም አንድ ነገር ይጋርዳል። ጉዱ ካሣ ያልተሰማው ጌታው ትዕቢተኛ ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም። ምክሩን የሚያቀርብበት ወንበር፣ ምክሩ የሚመዘንበት ሥርዓት፣ አብሮት የሚቆም የሙያ ባልንጀራ አልነበረውም። በመጽሐፉ ላይ ያለን ቅሬታም ከዚህ ይነሣል። ደራሲው ጉዱ ካሣን ፍጹም ትክክለኛና ፍጹም ብቸኛ ስላደረጉት አንባቢው ይወደዋል፣ ያዝንለታል፤ የሚሰማ ዐዋቂ እንዴት ይገኛል ብሎ ግን አይጠይቅም። ደራሲው ራሳቸው ከጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነሥተው አምባሳደር፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ መጽሐፉ በወጣበት ዘመን ገደማም የፕላንና ልማት ሚኒስትር ነበሩ። ሸንጎ ገብቶ የሚከራከረውን፣ ከፊሉን አግኝቶ ከፊሉን የሚተወውን ዐዋቂ ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር፤ በልብ ወለዳቸው ግን ስፍራ አልሰጡትም።

እንዲህ ያለውን ሰው በእውነተኛው ታሪካችን እናገኘዋለን። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የዕፀዋት ሊቅ ነበሩ። በአዲስ አበባ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፣ ቀጥሎም የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን መርተዋል። በጥር 1992 ዓ.ም. የጸደቀው የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ሲደረደር የአፍሪካ መንግሥታት ዋና ተናጋሪ እሳቸው ነበሩ። በአገር ውስጥ ግን አዋጅ ቁጥር 655/2001 ምርምርን ያጠብቃል የሚሉ ሌሎች የሳይንስ ሰዎች ተቃወሙት፤ አዋጁም በቁጥር 896/2007 ተሻሻለ። ክርክሩ የሚያሳየን፣ በሸንጎ ያለው ጥያቄ ምን እውነት ነው የሚለው ብቻ እንዳልሆነ ነው፤ ምን ያህል እንጠንቀቅ፣ ጉዳቱንስ ማን ይሸከም የሚሉትም አሉበት። ዶክተር ተወልደ ይህን ጥበብ ያገኙት በረዥም የሥራ ዘመን ነው። እሳቸው በ2015 ዓ.ም. ዐርፈዋል፤ የሄዱበት ጎዳና ግን ለተከታይ የተጠረገ አይደለም።

ነገሩን በማንኩሳ አካባቢ ማሳ ላይ እንመልከተው። በምዕራብ ጎጃም ዝናብ ስለሚበዛ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ እየታጠበ በብዙ ስፍራ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። የፒኤች መጠኑ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፎረሱም በአፈሩ ታስሮ ስለሚቀር ገበሬው በውድ የገዛው ማዳበሪያ የሚገባውን ያህል አይሠራም። መድኀኒቱ ኖራ መሆኑን ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ ያውቃል። ሆኖም ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ያስፈልጋል። ድንጋዩ በደጀን በኩል ቢገኝም የመፍጫው፣ የመኪናውና የዱቤው ወጪ አለ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የኖራ ጥቅም የሚገኘው በብዙ ዓመታት ውስጥ መሆኑ ነው። መሬቱን በእኩል የሚያርስ ሰው ለሚቀጥለው አራሽ ለምን ይክፈል? ይህን ጥያቄ ኬሚስትሪ ብቻውን አይመልሰውም፤ ኬሚስትሪ የማያውቅ ሹምም ብቻውን አይመልሰውም።

መሥሪያ ቤት አልጠፋም። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን በ1968 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በ2001 ዓ.ም. ሚኒስቴር ሆኗል፤ በ2011 ዓ.ም. የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተብሏል። የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የጎደለው ወደዚያ የሚወስደው ደረጃ ነው። በአሜሪካ የሳይንስ እድገት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የዶክትሬት ትምህርታቸውን የጨረሱ ሰዎችን እየመረጠ በኮንግሬስ፣ በኋላም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለተወሰነ ጊዜ ያሠራል። ከፊሎቹ ወደ ላቦራቶሪያቸው ይመለሳሉ፤ ከፊሎቹ በዚያው ይቀራሉ፤ የተመለሰውም ቢሆን በጀት እንዴት እንደሚያዝና ሕግ እንዴት እንደሚረቀቅ ዐውቆ ይመለሳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሳይንስ ተማሪ ከመመረቁ በፊት በጀት ማንበብን፣ የሕግ ረቂቅ መመርመርንና ባልተማረ ሰው ፊት ማስረዳትን ይማር። ሁለተኛ፣ የግብርና ወይም የጤና መሥሪያ ቤቶች፣ ከተቻለም በወረዳ ደረጃ፣ ለአንድ ዓመት የሚያሠሩት ወንበር ይኑራቸው። ሦስተኛ፣ ለመንግሥት የተጻፈ የምክር ሰነድ በሙያ ባልንጀሮች ተመዝኖ ለመምህሩ ዕድገት ይቈጠርለት፤ ይህ ካልሆነ ብርቱው ሰው ዓመቱን በዚያ ለማሳለፍ አይደፍርም።

ወንበር የተሰጠው ሁሉ እውነቱን ይናገራል ማለታችን አይደለም፤ ሹመትን ወዶ ዝም የሚል ዐዋቂ ሊበዛ ይችላል። ምክሩ ተጽፎ ለሕዝብ እንዲገለጽ፣ መካሪውም ስለ መከረ እንዳይቀጣ ደንብ ያስፈልጋል የምንለውም ስለዚህ ነው። ጉዱ ካሣን ስናነብ ድፍረቱን ማድነቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እውነትን ለመናገር እብድ መባል የግድ የሚሆንበት አገር፣ በድፍረተኞቹ ከመኵራቱ በፊት ሸንጎውን መመርመር ይኖርበታል።