መልካ ቁንጡሬ፦ ወለሉ የሚናገረውና የሚደብቀው

«ይሄ ብቻ ነው እንዴ?»

መልካ ቁንጡሬ ሄዳችሁ፣ ጎምቦሬ ከሚባለው ክፍት የቁፋሮ ሥፍራ ዳር ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ እንዲህ ብትሉ አይፈረድባችሁም። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ገብታችሁ የሉሲን አጥንቶች ቅጂ በመስታወት ውስጥ አይታችሁ ከሆነማ ይብስባችኋል። እዚህ ያለው መሬት ላይ የተበተነ የድንጋይ መሣሪያና የተሰባበረ የእንስሳት አጥንት ነው። ያም ሆኖ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ይሄኛውን እመርጣለሁ። ቅሬታም አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

ቦታው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቡታጅራ መንገድ፣ አዋሽ ዳር ይገኛል። ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ በ2024 ከባልጩት ድንጋይ መገኛው ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎጆ መሰሎቹ የኤግዚቢሽን ክፍሎች ጥሩ መግቢያ ናቸው። ዋናው ነገር ግን ያለው ውጪ፣ አፈሩ ላይ ነው።

ለምን? በመስታወት ሳጥን ውስጥ ያለ አጥንት ታጥቧል፣ ተገጣጥሟል፣ ከአፈሩ ተለይቷል። ይህን ሁሉ ዘመን ያቆየው ግን አፈሩ ነበር! እስቲ አንድ ጉማሬ ወንዝ ዳር ሞተ እንበል። ጅብ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ፀሐይ ትሰነጥቀዋለች፣ ባክቴሪያ በውስጡ ያለውን ፕሮቲን ይበላዋል። ሜዳ ላይ ከቀረ ብዙም ሳይቆይ ዱቄት ይሆናል። የመትረፍ ዕድል ያለው ቶሎ የተቀበረው ነው፤ ወይ አዋሽ ሞልቶ ደለል ያለብሰዋል፣ ወይ በአካባቢው የፈነዳ እሳተ ገሞራ አመዱን ይደፋበታል። ከዚያ የከርሰ ምድር ውኃ ያሟሟውን ማዕድን ተሸክሞ በአጥንቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየገባ ይሞላቸዋል። አጥንቱም ቀስ በቀስ ይከብዳል። «ድንጋይ ሆነ» የምንለው ይሄንን ነው፤ አባባሉ ግን ትንሽ ያሳስታል፣ ምክንያቱም ከራሱ ከአጥንቱ ማዕድን ብዙ ጊዜ የተወሰነው እዚያው ይቆያል። አመዱ ደግሞ ሌላ ውለታ አለው። በውስጡ ባሉ ክሪስታሎች ፖታስየም በዝግታ ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመውን አርጎን ለክቶ ፍንዳታው መቼ እንደነበር ማወቅ ይቻላል።

ጎምቦሬ ላይ አጥንቱንና አፈሩን አንድ ላይ ታያላችሁ። የመረጥኩትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ወለሉ ከላይ ሲታይ ያምራል፣ እናም ያታልላል። የድንጋይ መሣሪያ ከአጥንት አጠገብ ሲታይ አእምሯችን ወዲያው ፊልም ይሠራል፦ ሰዎች ተቀምጠው፣ ሥጋ እየቆረጡ፣ ልጆች ዙሪያቸውን እየሮጡ። ነገር ግን ወንዝ ዳር ጎን ለጎን መገኘት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጎርፍ የተለያየ ጊዜ ዕቃ ጠራርጎ አንድ ቦታ ሊያከማች ይችላላ! ተመራማሪ የሚፈልገው ሌላ ምልክት ነው። አጥንቱ ላይ የስለት ጭረት አለ ወይ? የድንጋዩ ጠርዝ እንደተሳለ ነው ወይስ በውኃ ተንከባሎ ዶልዱሟል? ዳር ለቆመ ጎብኚ ይሄ አይታይም። ስለዚህ የሚያስጎበኛችሁን ሰው «ይሄና ያኛው በአንድ ቀን የተጣሉ መሆናቸው በምን ታወቀ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አትፈሩ።

ለማነጻጸር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው ጎምቦሬ ውስጥ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ኩሬ ዳር፣ ጭቃ ላይ፣ የአዋቂም የሕፃንም እግር፣ የእንስሳትም ዱካ አለ። አጥንትን ጎርፍ ያንከባልለዋል፤ ዱካን ግን ወይ ያጠፋዋል ወይ ባለበት ይተወዋል። እሳተ ገሞራው ስለሸፈነው ቀረ። አሁን ያን ፊልም መሥራት ትችላላችሁ።

የክፍት ወለል ሌላው ጣጣ ዋጋው ነው። አፈሩ ሲነሳ የአጥንቱ መከላከያም አብሮ ይነሳል። እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቁ፣ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ያልተሰነጠቀው አጥንት በእኛ ዕድሜ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ «ሁሉም ተቆፍሮ ይታይ» የሚል ሰው ቢመጣ እኔ ተቃዋሚ ነኝ። ሳይነካ የሚቀረው መሬት ከእኛ የተሻለ መሣሪያ ለሚኖራቸው ይቆይ። (እግረ መንገዴን፦ ባልጪት ላይ የሚያብረቀርቀውን ባልጩት ኪሳችሁ እንዳትከቱ። ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ታሪኩን ትቶ ነው የሚሄደው።)

«የሰው አጥንትስ የለም?» ለምትሉ፣ አለ። ጋርባ በሚባለው የዚሁ ቦታ ክፍል የአንድ ትንሽ ልጅ የታችኛው መንጋጋ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ጥናት ዕድሜውን 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አድርጎታል። ተመራማሪዎቹ የሆሞ ኢሬክተስ ነው ያሉት መንጋጋው ውስጥ የተደበቁትን ጥርሶች በኃይለኛ ኤክስሬይ ካዩ በኋላ ነው። የጥርስ ውጫዊ ልባስ በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነው፣ እነዚህ ደግሞ ገና ድድ አልበሱም ነበር። ልጁ አንድም ቀን አላኘከባቸውም።