በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ፦ ሥዕላዊ ትረካን ማንበብ ለሚጀምር

1. መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጠውን ርእስ ይዞ ቢሮዬ መጣ። ሊያጠና ያሰበው አርት ስፒገልማን የተባለው አሜሪካዊ ጽፎና ሥሎ ያቀረበውን «ማውስ» የተሰኘ መጽሐፍ ከአንድ የአማርኛ ግለ ታሪክ ጋር በማነጻጸር ነበር። መጽሐፉን ተቀብዬ ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። በየገጹ ልብስ የለበሱ አይጦችና ድመቶች ይነጋገራሉ። «ይህ የሥዕል ትምህርት ቤት ጉዳይ ነው፤ እኛ የምናጠናው ቃልን ነው» ብዬ መለስሁለት። ተማሪው አልተከራከረኝም። ሌላ ርእስ መረጠ፤ ጽፎም ተመረቀ። የጻፈው ግን ግዴታውን ለመወጣት ብቻ እንደነበር ከመጀመሪያው ገጽ ያስታውቃል።

መጽሐፉ ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቶ ነበርና አንድ ምሽት አነሣሁት። ሦስት መቶ ገጽ የሚጠጋውን ሥራ በጥቂት ሰዓታት ጨረስሁት። ታሪኩ ከባድ ነው፤ ቋንቋው ግን ደሃ ነው የሚል ፍርድም ሰጠሁ። በኋላ መጽሐፉን ለባለቤቱ ልመልስ ስል፣ በሥዕሎቹ መካከል ባሉት ነጭ ቦታዎች ላይ በእርሳስ የተጻፉ ደቃቅ ጥያቄዎች አየሁ። «ጅራቷ ለምን ታየ?» ይላል አንዱ። ወደ ሥዕሉ ተመለስሁ። ጅራት አለ። በመጀመሪያው ንባቤ ፈጽሞ አላየሁትም ነበር። መጽሐፉን እንዳላነበብሁት የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ያነበብሁት በውስጡ የተጻፉትን ቃላት ብቻ ነበር።

የዚህ መጣጥፍ ዓላማ ይህን ስሕተት መመርመር ነው። ስሕተቱ የእኔ ብቻ አይመስለኝም። በሥነ ጽሑፍ የሠለጠነ አንባቢ ሥዕላዊ ትረካን ሲጀምር የሚያሰናክለው የሥዕል እውቀት ማነስ ሳይሆን ቃልን ፈጥኖ የማንበብ ልማዱ ነው የሚል እምነት አለኝ።

2. ስለ ስያሜው

በእንግሊዝኛ «ኮሚክስ» የሚለው ቃል ከማሳቅ ጋር የተያያዘ ነው፤ በጋዜጦች ላይ ለፈገግታ ይወጡ ከነበሩት ተከታታይ ሥዕሎች የቀረ ስም ነው። ዘርፉ ግን ከእነዚህ ጋዜጦች ይቀድማል። ስዊዘርላንዳዊው መምህር ሮዶልፍ ቶፕፈር በሥዕልና ከሥዕሉ ሥር በተጻፈ ጽሑፍ የሚተረኩ መጻሕፍትን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አሳትሟል። «ግራፊክ ኖቭል» የሚለው ስያሜ ደግሞ ቀድሞ የነበረ ቢሆንም በይበልጥ የታወቀው አሜሪካዊው ዊል አይስነር እ.ኤ.አ. በ1978 «ከእግዚአብሔር ጋር የተገባ ውል» የተሰኘውን ሥራውን በዚህ ስም ካወጣ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ይህም ስያሜ ያሳስታል። «ማውስ» የደራሲው አባት ቭላዴክ ከናዚዎች ጭፍጨፋ እንዴት እንደተረፈ ለልጁ የነገረው እውነተኛ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ ኒውዮርክ ታይምስ በብዛት ከተሸጡ ልቦለዶች ተርታ መደበው፤ ስፒገልማን ተቃውሞውን ጽፎ ወደ ኢ-ልቦለድ እንዲዛወር አስደረገ። በመሆኑም እዚህ ልቦለዱንም ኢ-ልቦለዱንም የሚያቅፈውን «ሥዕላዊ ትረካ» የሚለውን ስም እጠቀማለሁ። አንዱን ሥዕል የሚያጥረውን መስመር ሣጥን፣ ንግግር የሚጻፍበትን ክብ፣ በሣጥንና በሣጥን መካከል ያለውን ነጭ ቦታ ደግሞ ክፍተት እላቸዋለሁ።

3. ክፍተቱ የሚሠራው ሥራ

ስኮት መክላውድ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው፣ ራሱም በሥዕላዊ ትረካ በቀረበው የኪነ ጥበቡ ማብራሪያ፣ ለክፍተቱ ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠዋል። ከምሳሌዎቹ አንዱን እንመልከት። በመጀመሪያው ሣጥን አንድ ሰው መጥረቢያ አንሥቶ ሌላውን ያባርራል። በሁለተኛው ሣጥን የሚታየው ሌሊት ያጠላበት ከተማና ጩኸት ብቻ ነው። መጥረቢያው ሲያርፍ አልታየም። ግድያውን የፈጸመው ሠዓሊው ሳይሆን፣ በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ያለፈው አንባቢ ነው።

በእርግጥ ክፍተት በቃል ሥነ ጽሑፍም አለ። ደራሲ በሁለት ምዕራፎች መካከል ዐሥር ዓመት ይዘላል፤ ቅኔ ሰሚም ያልተነገረውን ወርቅ ራሱ ያወጣል። ነገር ግን በልቦለድ ውስጥ ያለፈውና የሚመጣው በአንድ ጊዜ ከዓይን ፊት አይቆሙም። በሥዕላዊ ትረካ ግን አንድ ገጽ ሲገለጥ ትናንት፣ ዛሬና ነገ ጎን ለጎን ተዘርግተው ይታያሉ። ጊዜ ቦታ ይሆናል ማለት ነው። ሰፊ ሣጥን ዓይንን ያቆያል፤ ጠባቦቹ ያጣድፉታል፤ መስመር አልባው ሣጥን ጊዜው ያልተዘጋ ያስመስለዋል። በቃል ሥነ ጽሑፍ ስለ ምልሰትና ስለ ንግር የምናስተምረው ሁሉ እዚህ በገጹ አቀማመጥ ይሠራል።

4. «ማውስ»ን እንደገና ማንበብ

ለጀማሪ አመቺ የሆነው ምሳሌ በመጽሐፉ መነሻ ላይ ይገኛል። ልጁ አርት አባቱ ታሪኩን እንዲነግረው ይጠይቃል። አባት በማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን እየመታ የሕይወቱ ታሪክ ብዙ መጻሕፍት እንደሚፈጅና እንዲህ ያለ ወሬ የሚሰማ እንደሌለ ይናገራል። ቃሉ ይህ ብቻ ነው። በሥዕሉ ግን የብስክሌቱን እጀታ በያዘው ክንዱ ላይ በካምፑ የተነቀሰው ቁጥር ይታያል፤ ልጁም በአባቱ ሁለት ክንዶች መካከል ታጥሮ ተቀምጧል። ስለ ቁጥሩ ማንም አይናገርም። ቃሉ «ተወው» ሲል ሥዕሉ «አይቻልም» ይላል። ቃሉን ብቻ የሚያነብ ከሁለቱ ድምፆች አንዱን ብቻ ሰምቶ ያልፋል።

ተማሪዬ የጠየቀበት ጅራትም እንዲሁ ነው። በመጽሐፉ አይሁዶች አይጥ፣ ጀርመኖች ድመት፣ ፖላንዳውያን አሳማ ሆነው ተሥለዋል። ቭላዴክና ባለቤቱ አንያ ፖላንዳውያን መስለው ሲሸሹ በክር የታሰረ የአሳማ ጭምብል ያጠልቃሉ። አንያ መልኳ አይሁዳዊት መሆኗን የሚያጋልጥባት ስለሆነ ከካፖርቷ ሥር ረዥም የአይጥ ጅራት ይታያል፤ የቭላዴክ ግን አይታይም። የሴትዮዋን የፍርሃት መጠን ደራሲው በቅጽል አልገለጸውም፤ ጅራት አድርጎ ሣለው እንጂ። ጥቂት ገጾች ቀደም ብሎ ደግሞ ባልና ሚስቱ መሄጃ አጥተው ወደ ሶስኖቪየትስ ከተማ ሲያመሩ፣ የሚጓዙበት መስቀለኛ መንገድ የናዚዎቹን ምልክት ቅርጽ ይዟል። በየትም ቢታጠፉ ከዚያ ምልክት አይወጡም።

በመጀመሪያው ክፍል መካከል ደግሞ የተለየ አሣሣል ያላቸው አራት ገጾች ገብተዋል። ስፒገልማን እናቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ራሷን ከገደለች በኋላ ያዘጋጀው ቀደምት ሥራ ነው። በዚህ ውስጥ አይጥ የለም፤ ሰዎች ናቸው፤ የገጾቹ ዳርቻም ጥቁር ነው። ገጹን የያዘ የእጅ ጣትም ተሥሏል። መጽሐፉን ጎን ሲያዩት ጥቁሮቹ ገጾች እንደ ሐዘን መስመር ይለያሉ። በቃል ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ይህን ሊያደርግ መቻሉን እጠራጠራለሁ።

5. አንድ ተቃውሞ

ሰውን በትውልዱ እየለዩ እንስሳ አድርጎ መሣል አደገኛ ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። እኛም በዘመናችን ሰው ጎረቤቱን በአውሬ ስም ሲጠራና ስሙም ለጥቃት መንገድ ሲጠርግ ያየን ሰዎች ነን፤ ይህን ተቃውሞ እንደ ዋዛ ልናልፈው አይገባም። ፖላንዳውያንን ሁሉ በአንድ የአሳማ ፊት መጠቅለሉ በእኔም አስተያየት የሥራው ደካማ ጎን ነው፤ ስደተኞቹን የደበቀውም፣ አሳልፎ የሰጣቸውም በአንድ ፊት ይቀርባሉና።

ይሁን እንጂ ምሳሌውን የፈጠሩት ገዳዮቹ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም፤ አይሁዶችን እንደ ተባይ ይቆጥሩ የነበሩት ናዚዎች ናቸው። ስፒገልማን የእነርሱን ምሳሌ ተውሶ እስኪሰበር ድረስ ይጫነዋል። በሁለተኛው ክፍል መነሻ፣ ፈረንሳዊት ሆና የአይሁድን ሃይማኖት የተቀበለችው ሚስቱ በየትኛው እንስሳ መልክ ትሣል ብሎ ሲቸገር እናየዋለን። ከዚያም ራሱን፣ በክር የታሰረ የአይጥ ጭምብል ያደረገ ሰው ሆኖ፣ ከሥሩ የአይጦች ሬሳ በተከመረበት የሥዕል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይሥላል። ያ ገጽ የመጀመሪያው ክፍል ያገኘውን ዝና የሚያወራ ነው። ቃሉ ስለ ስኬት፣ ሥዕሉ ስለ ሬሳ ይናገራል። በአባቱ መከራ ዝና ያገኘ ልጅ ያለበትን የኅሊና ዕዳ ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ዐረፍተ ነገር አላውቅም።

6. ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተማርነው

ይህ የአነባበብ ዘዴ ለአብዛኞቻችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን ፊት ባለ አንድ ዓይን ይሣላሉ። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክም በሸራ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥኖች ተከፋፍሎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በተርታ ይሣላል፤ ከየሣጥኑም ጋር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ይኖራል።

ይህን የማነሣው ኮሚክስ ከእኛ ተጀመረ ለማለት አይደለም፤ ልዩነቱ ይበልጥ ያስተምራልና ነው። የሳባን ሥዕል የሚያይ ሰው ታሪኩን አስቀድሞ ሰምቶታል። በሣጥኖቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ትውስታው ነው። የ«ማውስ» አንባቢ ግን ቀጥሎ የሚሆነውን አያውቅም፤ ክፍተቱን የሚሞላው በግምቱ፣ በፍርሃቱና በፍርዱ ነው። በመጀመሪያው ሥዕል ያስታውሰናል፤ በሁለተኛው ይጠይቀናል። ስለሆነም የለመድነው ዓይን መነሻ ይሆነናል እንጂ ብቻውን አያደርሰንም።

7. እንዴት ይጀመር?

በክፍል ውስጥ ሞክሬው የጠቀመኝ አካሄድ አንድን ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ማንበብ ነው። በመጀመሪያ ታሪኩን ለማወቅ ያህል እንደልማድ ይነበብ። ቀጥሎ ክቦቹ በወረቀት እየተሸፈኑ ሥዕሉ ብቻውን ይታይ፤ ማን ትልቅ ማን ትንሽ ሆኖ ተሣለ? ጨለማው የት ነው? በሣጥኑ ውስጥ ያልገባው ምንድን ነው? በሦስተኛው ቃልና ሥዕል ይገጣጠሙ፤ የሚስማሙበትና የሚጣሉበት ቦታ ይመዝገብ። የሐያሲ ሥራ የሚጀምረው ከሚጣሉበት ላይ ነው።

መጻሕፍቱን በተመለከተ፣ ከ«ማውስ» ጋር ኢራናዊቷ ማርጃን ሳትራፒ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 በፈረንሳይኛ በአራት ክፍል ያወጣችውን «ፐርሰፖሊስ» አሳስባለሁ። በጥቁርና ነጭ ብቻ የተሣለ የልጅነትና የስደት ታሪክ ነው። በመጀመሪያ ገጾቹ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች እንዲለብሱ የታዘዙትን ሻሽ መጫወቻ ሲያደርጉት ይታያሉ፤ ስለ አብዮቱ የሚቀርበው ትችት የሚጀምረው ከዚያ ጨዋታ ነው። ከአፍሪካ ደግሞ ማርገሪት አቡዌ የጻፈችው፣ ክሌማን ኡብረሪ የሣለውና እ.ኤ.አ. በ2005 መውጣት የጀመረው «አያ» አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአቢጃን ከተማ የነበሩ ወጣቶችን ኑሮ በደማቅ ቀለም ያቀርባል፤ ጦርነትና ረኀብ የሌለበት የአፍሪካ ታሪክ መሆኑም ያስወድደዋል። የጃፓን ሥራዎችን የሚጀምር ሰው ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበቡ ይወቅ።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። ተማሪዎቻችን እነዚህን ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነቡት በስልክ ነው፤ የመጽሐፉ ዋጋና እጥረት ስለሚያስገድዳቸው አልወቅሳቸውም። ሆኖም ስልክ ሣጥኑን አጉልቶ ገጹን ይሰውራል። ከተቻለ አንድ ምዕራፍ እንኳ ሙሉ ገጹ በሚታይበት ወረቀት ይታተም።

8. መደምደሚያ

ሥዕላዊ ትረካ ሁሉ ታላቅ ሥራ ነው አልልም፤ ልቦለድ ሁሉም እንዲሁ አይደለምና። የምለው፣ ያላነበብነውን ሥራ «ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ማለት ሒስ አይደለም ነው። እኔ ያን ዕለት የዘጋሁት በር የተማሪዬን ብቻ አልነበረም። አባት ለልጁ የሚነግረውን፣ ልጅም ሊሰማው የሚፈራውን ታሪክ በአማርኛ ግለ ታሪኮቻችን ውስጥ እንዴት እንደምናገኘው ሊያሳየን ይችል የነበረ ጥናት ሳይጻፍ ቀርቷል።

መጽሐፉን የመለስሁለት ከእርሳስ ጥያቄዎቹ ጋር ነው። ከአንዱ ጥያቄ ሥር፣ በዚያው ነጭ ቦታ ላይ፣ መልሴን ጽፌበታለሁ።