«ኃይለኛ» ስንል ምን እያልን ነው?

ባሕር ዳር ስማር ሁለት ኃይለኛ መምህራን ነበሩን። አንደኛው ልክ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ይዘጋል፤ አንድ ደቂቃ ያረፈደ ውጭ ቀረ ማለት ነው። ደብተር ሲያርም አራት ነጥብ የረሳውን እንኳ አያልፍም። ሲቆጣ ግን አይተነው አናውቅም። ሁለተኛው ቁራጭ የውሃ ጎማ ይዞ ይገባ ነበር። ምን ያደርግበት እንደነበር መገመት አያቅታችሁም። ቤት ስንጠየቅ ታዲያ ለሁለቱም የምንሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ «ኃይለኛ ነው»። እናቴም ለሁለቱም «ጎሽ! መምህር እንዲህ ነው እንጂ» ትል ነበር።

ይህን የምጽፈው እናቴን ለመውቀስ አይደለም። ክሴ በቃሉ ላይ ነው።

እስቲ እንፍታው። «ኃይል» ላይ «-ኛ» ስንጨምር ያ ነገር ያለውን ሰው እንጠራለን፤ እውነተኛ እውነት ያለው፣ ጉልበተኛ ጉልበት ያለው፣ ኃይለኛ ኃይል ያለው። ኃይሉ በምን ላይ እንደሚያርፍና ለምን እንደሚውል ግን ቃሉ ትንፍሽ አይልም። ጣና ላይ የሚነሳው ነፋስም፣ ሚጥሚጣውም፣ ጎማ የያዘው መምህርም እኩል «ኃይለኛ» የሚባሉት ለዚህ ነው። ለነፋሱ ችግር የለውም፤ ነፋስ ለምን ነፈስክ ተብሎ አይጠየቅም። ሰው ግን ይጠየቃል።

አሁን «ጥብቅ» የሚለውን አጠገቡ አስቀምጡት። ይህ ቃል የመጣው ከማሰር ነው። ሐይቁ ዳር ታንኳ ሲሠራ ካያችሁ ደንገሉ በነዶ በነዶ ሆኖ እንዴት እንደሚታሰር ታውቃላችሁ። እስሩ ከላላ ታንኳ የሚባል ነገር የለም፤ ውሃ ላይ የተበተነ ደንገል ነው የሚቀረው። ስለዚህ ጥብቅ የሆነ ነገር ሁሉ አንድ የያዘው ነገር አለ። አንድ ሰው «እገሌ ጥብቅ ነው» ቢላችሁ ወዲያው «በምን?» ማለታችሁ አይቀርም። በሰዓት፣ በሒሳብ፣ በጾም፤ መልስ አለው። «እገሌ ኃይለኛ ነው» ሲባል ግን ማንም «በምን?» አይልም። ዝም ብሎ መጠንቀቅ ነው።

ደግሞ መጠን አለው። «ገመዱን ጠበቅ አድርገው» እና «ገመዱን ጥብቅ አድርገው» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ትንሽ ነው፣ ሁለተኛው እስከ መጨረሻው። ልዩነቱን የሚያመጣው ፊደሉ ከግዕዝ ወደ ሳድስ መዞሩ ነው። በዚህ ዓይነት ቆጣ፣ ከረር፣ ኮስተር፣ ጠንከር እያልን ቁጣችንን እንደ ጨው እንመጥናለን። ከልክ ሲያልፍም ሌላ ስም ሰጥተነዋል። ከመጠን በላይ የተጠመዘዘ ክር «ከረረ» ይባላል፤ «አክራሪ» የሚለውም የመጣው ከዚያው ነው። የከረረ ነገር ደግሞ መጨረሻው መበጠስ እንደሆነ ሁላችንም እየሰማን አድገናል።

(በነገራችን ላይ «ይጠብቃል» ብላችሁ ጻፉና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ለገመድ ከሆነ «ብ» ላልቶ ይነበባል። ለዘበኛ ከሆነ ደግሞ «ብ» ጠብቆ ይነበባል። ገመዱን ለማጥበቅ ድምፁን ማላላት! ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ ጆሮ ነው የሚለየው።)

ጥብቅ ለመሆን ቁጣ እንደማያስፈልግ ማየት ከፈለጋችሁ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩ። በገዳማቱ ልማድ እዚያ በበሬ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ነው። ሰዉ ቡናውን በዛፍ ጥላ ሥር እያለማ ኖሯል፤ ደኑም እስከ ዛሬ ቆሟል። ከተማ ስትመለሱ ግን አጥሩ ሁሉ «ጥብቅ ማሳሰቢያ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል፤ ከሥሩ ቆሻሻ ተከምሯል። ቃሉ አለ፣ የሚያስረው ነገር የለም።

«ጨከነ» ከሁሉም ያስቸግረኛል። እናት ልጇ እያለቀሰ «ጨክና አስከተበችው» ብንል ምስጋና ነው። «ጨክነህ አጥና» ምክር ነው። «ጨካኝ» ስንል ግን ስድብ ሆኖ ያርፋል። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ አንድ ጊዜ ለበጎ መጨከንና ጨካኝ ሆኖ መኖር የተለያዩ መሆናቸውን አማርኛ ያውቃል ማለት ነው። «መቆንጠጥ» ላይ ግን ይህን ያህል ቸር መሆን አልችልም። ልጅ «ቆንጠጥ ተደርጎ ማደግ አለበት» እንላለን፤ ሥርዓት ይማር ለማለት። ቃሉ ግን ቁንጥጫ ነው! ጣት፣ ጥፍር፣ የልጅ ጭን። ሥርዓትን ያለ ሕመም የምንጠራበት ቃል ሲያጥረን፣ ሕመሙ ራሱ ሥርዓት መምሰል ይጀምራል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እኔ ስማር ይህ ሕግ ወጥቶ ነበር። ባለ ጎማው መምህር ሕግ እየጣሰ ነበር ማለት ነው። ግን ማን ይህን አለ? «ይደበድበናል» ብንል ኖሮ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ትምህርት ቤት በሄደች ነበር። እኛ ያልነው «ኃይለኛ ነው» ነው፤ እሷም የሰማችው በሩን ሁለት ሰዓት ላይ የሚዘጋውን መምህር ነው።

በቀደም የእህቴ ልጅ አዲሷ መምህርቱ ኃይለኛ መሆኗን ነገረኝ። ደነገጥኩ። «ምን ታደርጋለች?» አልኩት።

«የቤት ሥራ ያልሠራ ልጅ በዕረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሠራል።»

«እሷስ?»

«እሷም አትወጣም። እስክንጨርስ ትጠብቀናለች።»