የሺጌ ጥፋት

ያሱጂሮ ኦዙ እ.ኤ.አ. በ1953 የሠራውን «የቶኪዮ ወግ» አይተን ስንወጣ ክርክሩ የተጀመረው መንገድ ላይ ነው። ሁሉም የምራቲቱን የኖሪኮን ደግነት ያወራል። በሺጌ ላይ ግን በአንድ ድምፅ ተፈረደባት፤ ስስታም፣ ጨካኝ፣ ወላጅ የማታውቅ! ቆይ እስቲ፤ ይህችን ሴት እንዲህ እንድንጠላት ያደረገችን ማን ናት?

ሐሩኮ ሱጊሙራ ናት። የሂሮሺማ ተወላጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተቋቋመው የ«ቡንጋኩዛ» የቲያትር ቡድን ምሰሶ፤ በ1997 እስክትሞት ከቡድኑ አልተለየችም።

ሺጌ የሴቶች ጠጉር ሠሪ ናት። ባሏ ለአማቶቹ ጥሩ ኬክ ገዝቶ ሲገባ ውድ ነው ብላ ታጉረመርማለች፤ ደሞ አንሥታ ትበላለች። ደንበኛዋ ስትጠይቃት ወላጆቿን «የገጠር ሰዎች፣ የምናውቃቸው» ዓይነት ታደርጋቸዋለች። እናቷ በጠና መታመሟ ሲሰማ የሐዘን ልብስ ይያዝ አይያዝ ትላለች። እናቲቱ ስትሞት ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች፤ ከቀብር መልስ ገና ማዕድ ላይ እንዳሉ ደግሞ የሟችን መቀነትና የበጋ ኪሞኖ ትጠይቃለች። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ልቅሶው የውሸት አይደለም። ሱጊሙራ ልቅሶውንም ጥያቄውንም በእኩል እውነት ነው የተጫወተችው። ትንሽ ማስመሰል ብታስገባበት ኖሮ ሺጌን ጠልተን በተገላገልን። አሁን ግን አንገላገልም፤ ከቤት የመጣ ደብዳቤ መልሱን ለወር ያቆየን ስንቶቻችን ነን? ኖሪኮን ማድነቅ እኮ ቀላል ነው።

በመድረክ የምትታወቀው በካኦሩ ሞሪሞቶ «የሴት ሕይወት» ነው። መጀመሪያ የታየው በሚያዝያ 1945 ቶኪዮ በቦምብ ስትደበደብ ነበር። ወላጅ አልባዋ ኬይ ከቻይና ጋር ወደሚነግድ ቤት ትገባለች፤ የምትወደው ታናሽየውን ሆኖ ሳለ ታላቅየውን ታገባለች፤ ንግዱንም ትረከባለች። ሱጊሙራ ከልጅነት እስከ እርጅና ያለችውን ኬይን ከ900 ጊዜ በላይ ተጫውታታለች። ታዲያ ቲያትሩ ለጦርነቱ ዓላማ ታዝዞ የተጻፈ ነው፤ ደራሲው በኋላ ቢያርመውም ይህ አይሸፋፈንም። ጓደኞቻችን «እንግዲያው ምኑ ይወደሳል?» ይሉናል። እኛ የምንለው፣ ትእዛዙ ያለፈው ከነአዛዦቹ ነው፤ ተመልካች ለዐሥርተ ዓመታት የተመላለሰው ምርጫዋን በገዛ እጇ ስለከፈለችው ሴት ነው። ይህን ያተረፈችው ተዋናይዋ ናት ብንል ማጋነን አይመስለንም።

ደግሞም እሺ ባይ ብቻ አልነበረችም። ዩኪዮ ሚሺማ በ1956 «ሮኩሜይካን»ን ሰጥቷት ዋናዋን ሴት ተጫውታ ነበር፤ በ1963 ግን ቡድኑ የእርሱን «የደስታ ኮቶ» በፖለቲካው የተነሣ አናሳይም ሲል እርሷ ከቡድኑ ጋር ቆመች፤ ሚሺማም ወጣ። በ1995 መንግሥት የባህል ኒሻን ሊሰጣት ሲል አልቀበልም አለች። በዚያው ዓመት በካኔቶ ሺንዶ «የከሰዓት ኑዛዜ» ፊልም ላይ አንዲት ያረጀች ተዋናይ ሆና ቀረበች፤ ዕድሜዋ ከሰማንያ አልፎ ነበር።