ካስት ያላስማማው ትሬድ

«ጋሼ፣ ትናንት ሲሠራ የነበረ ኮድ ዛሬ ለምን እምቢ ይላል?» ጠያቂዋ ሰንጋ ተራ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ማታ ሲ ከሚማሩት አንዷ ናት። ላፕቶፗን ወደ ፌዶራ 40 አሳድጋዋለች። አብሮት የመጣው ኮምፓይለር ጂሲሲ 14 (እ.ኤ.አ. 2024) ደግሞ ቀድሞ በማስጠንቀቂያ ይታለፍ የነበረውን የፖይንተር አለመጣጣም ስሕተት ብሎ ያቆመዋል።

ትሬድ እንዲያስኬደው የጻፈችው ፈንክሽን ኢንት ይቀበላል፤ ምንም አይመልስም። ትሬዱን የሚፈጥረው ፒትሬድ ክሪኤት የሚፈልገው ግን ቮይድ ፖይንተር ተቀብሎ ቮይድ ፖይንተር የሚመልስ ፈንክሽን ነው። ጎኗ የተቀመጠው ልጅ «ካስት አድርጊው» አላት። ኮምፓይለሩ ዝም አለ፤ ፕሮግራሙም ሠራ።

መምህሩን ያስቆጣቸው መሥራቱ ነው። በዚህ ነገር ከማንም ጋር ሲከራከሩ ያመሻሉ።

በ64 ቢት ኢንቴል ላይ በሊነክስ የመጀመሪያው አርጊዩመንት በአርዲአይ ሬጂስተር ይተላለፋል። ፈንክሽኑ ታችኛውን 32 ቢት ብቻ ስለሚያነብ ቁጥሩን በአጋጣሚ ያገኘዋል። የሲ ስታንዳርድ ግን ፈንክሽንን በማይጣጣም ዓይነት መጥራት ምን እንደሚያስከትል አልደነገገም። ያው ኮድ ለዌብአሴምብሊ ቢዘጋጅ ጥሪው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ እዚያ የፈንክሽኑ ፊርማ በጥሪው ሰዓት ይመረመራልና። ኢንቴሉም ላይ ቢሆን፣ ፒትሬድ ጆይን ውጤት ሲጠብቅ የሚያገኘው አርኤኤክስ ውስጥ ተርፎ የቀረውን ማንኛውንም ቁጥር ነው።

እናም ጥሪው ሳይነካ ፈንክሽኑ ይስተካከል ይላሉ። ቮይድ ፖይንተር ተቀበይ፤ ውስጥ ገብተሽ ወደ ራስሽ ስትራክት መልሺው፤ ለዚህ በሲ ካስት እንኳ አያስፈልግሽም። ስትጨርሺ ነል መልሺ።

ቁጥሩን ኢንትፒቲአር አድርጎ በፖይንተሩ ውስጥ መላክንም አይወዱትም። ብዙ ባለሙያ ይጠቀምበታል፤ እሳቸው ግን ነገ ሁለተኛ ዳታ ሲጨመር ያ መንገድ ይፈርሳል ባይ ናቸው። ትሬዶቹን የሚፈጥረውን ሉፕ ተለዋዋጭ አድራሻ መላክ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፦ ትሬዶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ያነባሉ፤ ሉፑም ሳይጠብቃቸው ይቀጥላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ስትራክት በአሬይ ውስጥ ያዘጋጁለታል።

ሲን የሙጥኝ ያሉት ሌላ ቋንቋ አጥተው አይደለም። ቁጥሩ የትኛው ሬጂስተር ውስጥ እንደገባ በዲበገር ሲያሳዩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ማሽኑን በእጃቸው እንደያዙት የሚሰማቸው ያኔ ነው። ተማሪዎቻቸውም ይህን ሳያዩ እንዲያልፉ አይፈልጉም።

ልጅቷ ኮዱን አስተካክላ ስትጨርስ ወደ ሲ11 ትሬድ እንድታዞረው አዘዟት። እዚያ ፈንክሽኑ ኢንት መመለስ አለበት። ካስት ክልክል ነው።