ስእለቱን ማን ከፈለው?

ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብበው ለመጡ ተማሪዎች የማቀርባት አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ፦ «በዛብህን ማን በደለው?» መልሱ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፤ «ፊታውራሪ መሸሻ!» ነው። እውነታቸውን ነው፤ የፊታውራሪ ትዕቢት ተራራ ያህላል። ነገር ግን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ ከፊታውራሪ ቀድሞ የልጁን ዕጣ የቆረጠ ሌላ እጅ አለ። ያውም የሚወደው እጅ።

ወላጆቹ ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ፣ ልጃቸው በሕፃንነቱ ቢታመምባቸው ተሳሉ፤ ከዳነ ቤተ ክርስቲያን ሊያገለግል፣ ሚስትም ላያገባ። ልጁ ዳነ። ስእለቱም አብሮት አደገ። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ከፊታውራሪ ቁጣ በፊት ከገዛ ኅሊናው ጋር የሚያጣላው ይኸው እሱ ያልተሳለው ስእለት ነው።

ልብ በሉ፤ ደራሲው ወላጆቹን ክፉ አድርገው አልሣሏቸውም። ልጃቸውን ይወዱታል፣ ጸሎታቸውም ከልብ ነው። የሚያስጨንቀውም ይኼው ነው። ክፉ ሰው ሲበድል ማንም ያየዋል፤ ደግ ሰው በእግዚአብሔር ስም ሲበድል ግን ማን ደፍሮ ይናገረዋል? ተሳዮቹ እነሱ፣ ከፋዩ እሱ! በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ መለካት ይሏል ይኼ ነው።

«ሐናስ ሳሙኤልን ተስላ ሰጥታ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሰጥታለች እንጂ። ግን ወረድ ብለን እናንብብ፤ በዚያው በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 8 ላይ ሳሙኤልን የልጆች አባት ሆኖ እናገኘዋለን። የእናቱ ስእለት ትዳር አልከለከለውም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ደግሞ ክርስቶስ፣ ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው» እያሉ የሚያስቀሩትን ሰዎች ይገሥጻል። ለእግዚአብሔር የሰጠን እየመሰለን ከቤተሰባችን ጉሮሮ የምንነጥቀው ነገር እንዳለ ከዚህ በላይ ምን ይነግረናል?

ይኼ የድሮ ጎጃም ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። እስቲ ዛሬ ወደየቤታችን እንግባ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ልጆች በጣታቸው እየተራመዱ «ዝም በሉ፣ እማዬ ጾማለች» ይባባላሉ። ረኀቡ የእሷ፣ ቁጣው የልጆቹ ሆነ ማለት ነው። የዝክሩ ዕለት ሠራተኛዋ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ ወጥ ስትሠራ፣ እንጀራ ስትጋግር ትውላለች፤ ምርቃቱ ሲወርድ እሷ ጓዳ ሰሃን እያጠበች ነው። እሑድ እመቤቲቱ ቅዳሴ እንድትደርስ ሕፃኑን ታቅፋ የምትቀረውም እሷው ናት። እሷ የምታስቀድሰው መቼ ነው? ወይስ የእሷ ነፍስ ከወር ደመወዟ ጋር የተጠቃለለች ናት?

አባወራውም አለ። ማኅበር በለው፣ ስብሰባ በለው፣ አገልግሎት በለው፣ የሌላ ሰው ትዳር ሲያስታርቅ አምሽቶ ይገባል። ልጆቹ ተኝተዋል። ሚስቱ የታረቀላት ነገር የለም። ድካሙ የእሱ መስሎት ይመካል፤ ሒሳቡን የከፈሉት ግን ሳያያቸው የተኙት ልጆች ናቸው።

ጾሙም፣ ዝክሩም፣ አገልግሎቱም ይቅር ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ቤት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ዮሐንስ አፈ ወርቅ ካስተማረ ከ1600 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ትልቋን ለመሳለም ስንሮጥ ትንሿን እየረገጥን እናልፋለን። የተጾመው በራስ ሆድ፣ የተሰጠው ከራስ ኪስ፣ የተደከመው በራስ ጉልበት ከሆነ እሰየው ነው። በልጅ፣ በሚስትና በሠራተኛ ጫንቃ ላይ የተጫነ ጽድቅ ግን ጽድቅነቱ ለማን ነው?

እንግዲህ ትልቁን ነገር ትተን ከትንሹ እንጀምር። በሚመጣው እሑድ ሠራተኛዋ ነጠላዋን ትልበስና ቅዳሴ ትሂድ። ሕፃኑን አባት ይያዝ።